ማግኔቱን ማጠንከር ብቻ ለምን አይበቃም?

ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ሞተር የሚጠቀልል፣ ስታቢላይዘርም የሚጠግን አንድ ወጣት ጥያቄ ልኮልኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ስለ ኒውክሌር ውህደት አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር። 100 ሚሊዮን ዲግሪ የጋለ ፕላዝማ በማግኔት አንጠልጥለው ይይዛሉ ይላል። ዞር ይልና ደግሞ ፕላዝማው እያመለጠ አስቸገረ ይላል። በእኛ ሙያ ማግኔቱ ከደከመ ዙር እንጨምራለን፤ ወይ ሽቦውን ወፈር አድርገን አምፔር እንጨምራለን። እነሱ ለምን እንዲያ አያደርጉም? ሰባ ዓመት ሙሉ ይሄ እንዴት ያቅታል? ደግሞስ አንድ ቀን ቢያመልጥ ከተማውን ይዞ አይሄድም?»

ጥያቄውን ወደድኩት። ብዙ ተማሪ ፎርሙላውን ሸምድዶ ይህን ሳይጠይቅ ይመረቃል። (ለማያውቅ፦ የኒውክሌር ውህደት ማለት የሃይድሮጅን አተሞች እምብርቶች በከፍተኛ ሙቀት ተዋህደው ኃይል የሚሰጡበት ሂደት ነው፤ ፕላዝማው ያ እጅግ የጋለ ነዳጅ ነው።)

ወንድሜ፣ አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ማግኔቱን ማጠንከር ይረዳል፤ በዚህ አልተሳሳትክም። ግን አንተ የጠቀለልከው ሽቦ ካስቀመጥከው ቦታ አይነቃነቅም። ቫርኒሽ ትቀባዋለህ፣ ይደርቃል፣ አለቀ። ፕላዝማ ግን ራሱ ሽቦ ነው። ያውም ቫርኒሽ ያልተቀባ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፔር የተሸከመ፣ እንደ ጭስ የሚተጣጠፍ ሽቦ። የራሱን ማግኔት ይሠራል። ስትገፋው መልሶ ይገፋሃል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚያስቸግረው ጉልበት ማነሱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው።

ረጅሙን መልስ ለማንበብ ትዕግሥት ካለህ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ የተላቀቁበት ጋዝ ነው። ሩቅ አትሂድ። ሱቅህ ጣሪያ ላይ ያለው ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ሲበራ ውስጡ ያለው እሱ ነው። እኔ ሳስተምር ከአሮጌ ስፒከር የተነቀለ ማግኔት ወደ መስታወት ቱቦ አስጠጋለሁ። በቱቦው መሃል ቀጥ ብሎ የነበረው ወይን ጠጅ ብርሃን ጎበጥ ይልና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ማግኔቱን ገልብጬ ሳስጠጋው ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል። ተማሪዎቹ ስልካቸውን የሚያወጡት ያኔ ነው።

የትልቆቹ ማሽኖች ፕላዝማ ግን ሌላ ዓለም ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ እየተገነባ ያለውን ኢተር የሚባል የውህደት ማሽን እንውሰድ። የታሰበው ሙቀት 150 ሚሊዮን ዲግሪ ነው። ፕላዝማው የሚይዘው ቦታ 840 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ በለው። እዚያ ሁሉ ውስጥ ያለው ጋዝ ቢመዘን ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ከምንተነፍሰው አየር በመቶ ሺህ እጥፎች የሳሳ ነው። ሆኖም በጣም ስለጋለ ግፊቱ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ጎማ የሌለው ጎማ መንፋት ነው ሥራው።

ቅርጹ ቦምቦሊኖ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ቢሆን በሁለቱ ጫፍ ስለሚያመልጥ ጫፍና ጫፉን ገጥመው ቀለበት አደረጉት። ክብ ትራንስፎርመር ጠቅልለህ ታውቃለህ አይደል? ሽቦው በውስጥ በኩል ይጨናነቃል፣ በውጭ በኩል ይሳሳል። የማግኔቱ መስክም እንደዚያው ነው። በቀዳዳው በኩል ይጠነክራል፣ በውጭ በኩል ይደክማል። በዚህ ልዩነት የተነሳ አዮኖቹ (ኤሌክትሮን የጎደላቸው አተሞች) ወደ ላይ፣ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲለያይ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ያ ደግሞ ፕላዝማውን በሙሉ ወደ ውጭ ይገፈትረዋል። ዓይንህን ሳትጨፍን ግድግዳ ላይ ነው። እዚህ ላይ ማግኔቱን ብታጠነክር መንሸራተቱን ታዘገየዋለህ እንጂ አታስቀረውም።

መፍትሔው የመስኩን መስመሮች እንደ ገመድ መጠምዘዝ ነው። መስመሩ ቦምቦሊኖውን እየዞረ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ከተጠማዘዘ፣ ላይ የተጠራቀመው ታች ካለው ጋር ይገናኝና ሂሳቡ ይጣፋል። ጥምዙን የሚሰጠው በፕላዝማው ውስጥ የሚሮጥ ከረንት ነው። ከረንቱን እንዴት ያስገቡታል? ይሄ ለአንተ ነው። ቀዳዳው መሃል አንድ ትልቅ ጥቅል ይቆማል። እሱ ፕራይመሪ ነው። ፕላዝማው ሴኮንደሪ ነው፤ አንድ ዙር ብቻ ያለው ሴኮንደሪ። ቶካማክ የሚባለው ማሽን ከዚህ አንጻር ትራንስፎርመር ነው።

ሐሳቡን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያፈለቁት ኢጎር ታምና አንድሬ ሳካሮቭ ናቸው። በ1968 ሩሲያውያኑ ቲ-3 የሚባለው ማሽናቸው 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ደረሰ ሲሉ ምዕራባውያኑ ተጠራጠሩ። ቀዝቃዛው ጦርነት ነው እንግዲህ። በ1969 የእንግሊዝ ባለሙያዎች ሌዘራቸውን ተሸክመው ሞስኮ ገቡና ራሳቸው ለኩት። እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቶካማክ ዞረ።

አሁን ወደ ማምለጡ እንምጣ። ከረንቱ ጥምዝ ይሰጣል ብያለሁ። ጥምዝ ሲበዛስ? ጥጥ ሲፈተል አይተህ ከሆነ ታውቀዋለህ። እንዝርቱ ከልክ በላይ ከሾረ ክሩ ይከራል። ትንሽ ላላ ስታደርገው በራሱ ላይ ይጠቀለልና ይቋጠራል። ፕላዝማም ልክ እንደዚያ ይቋጠራል።

ስለዚህ የጥምዙን መጠን የሚነግር አንድ ቁጥር አለ። መስመሩ በአጭሩ በኩል አንዴ ተጠማዝዞ እስኪመለስ ድረስ ቦምቦሊኖውን በረጅሙ ስንት ጊዜ ይዞራል? ጠርዝ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 2 ከወረደ ነገር ተበላሸ። ኢተር የታቀደው 3 አካባቢ እንዲሠራ ነው፤ በ15 ሚሊዮን አምፔር። በፕላዝማው ውስጥ ከረንት ስትጨምር ቁጥሩ ይወርዳል። ዋናውን ማግኔት ስታጠነክር ቁጥሩ ይወጣል። እዚህ ጋ ሐሳብህ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የሚባለው ኩባንያ የያዘው መንገድ ይኸው ነው። በ2021 በአዲሱ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር (ከረንትን ያለ መቋቋም የሚያሳልፍ ሽቦ) የተጠቀለለ ማግኔት 20 ቴስላ አድርሰዋል፤ ቴስላ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው። የኢተር መስክ በፕላዝማው መሃል 5.3 ቴስላ ነው። መስኩ የተለካበት ቦታ ቢለያይም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዋጋው ግን አለ። መስኩን እጥፍ ስታደርገው ጥቅሉን ሊበታትን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቶካማኮች ፕላዝማቸው ቢቆረጥ ክብ ነበር። ክቡ ጨዋ ነው። ቆየት ብሎ ግን ሽቅብ ቢለጠጥ፣ የፈረንጁን ዲ ፊደል ቢመስል፣ ብዙ ከረንትና ብዙ ግፊት እንደሚሸከም ታወቀ። ለመለጠጥ ከላይም ከታችም ጥቅል ታስቀምጣለህ። ከፕላዝማው ጋር በአንድ አቅጣጫ ከረንት ትለቅባቸዋለህ። በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ከረንቶች ይሳሳባሉ። ላይኛው ወደ ላይ፣ ታችኛው ወደ ታች ይጎትታል። ፕላዝማው መሃል ላይ ይለጠጣል።

አሁን ፕላዝማው አንድ ሚሊሜትር ከፍ አለ እንበል። ወደ ላይኛው ጥቅል ቀረበ፤ ላይኛው ይበልጥ ሳበው። ይበልጥ ከፍ አለ። ይበልጥ ተሳበ። ልጅ ሆነህ ዱላ በመዳፍህ ላይ አቁመህ የለ? እሱ ነው። ጥቅሎቹን ብታጠነክርስ? ይበልጥ ይፈጥናል! ጥያቄህ የሚገለበጠው እዚህ ጋ ነው።

ብቻውን ቢተው በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ይሸሻል። ምንም ዓይነት መቆጣጠሪያ አይደርስበትም። የሚያድነው በዙሪያው ያለው የብረት ግድግዳ ነው። ፕላዝማው ሲነቃነቅ ግድግዳው ውስጥ ከረንት ይቀሰቀሳል፤ ያ ከረንት እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ሱቅህ ውስጥ ሞክረው። ቁራጭ የመዳብ ቱቦ አቁምና ጠንካራ ማግኔት ልቀቅበት። ቱቦው ማር የሞላበት ይመስል ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ሰንጥቀህ ድገመው። ፈጠን ይላል፤ ከረንቱ የሚዞርበት መንገድ ተቆርጧላ። የማሽኑ ግድግዳም ፕላዝማውን አያቆመውም፤ ያዘገየዋል። ማይክሮ ሰከንዱ ሚሊሰከንድ ይሆናል። ትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ከዚያም ይረዝማል። ለኮምፒውተር ሚሊሰከንድ ሰፊ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የአንተ ሥራ ነው፤ ስታቢላይዘር። የሰርቮውን ዓይነት ከፍተህ ታውቃለህ። ቮልቴጁን ይለካል፣ ከ220 ጋር ያወዳድራል፣ ሞተሯ ብሩሹን ታንቀሳቅሳለች። ደንበኛ «አምፖሌ ተቃጠለ» ብሎ ሲመጣብህ ምን ትለዋለህ? ብሩሹ ሳይደርስ ቮልቴጁ ዘለለ ነው የምትለው። ስታቢላይዘሩ ጉልበት አላነሰውም። ዘገየ። በቶካማኩም ግድግዳው ላይ የተተከሉ ትንንሽ ጥቅሎች መስኩን ይለካሉ። ኮምፒውተሩ ፕላዝማው የት እንዳለ ያሰላል። ከዚያ ትእዛዝ ይወርዳል፤ አንዱ ጥቅል ይጨምር፣ ሌላው ይቀንስ።

ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ያለው ቲሲቪ የሚባል ቶካማክ ይህን የሚሠሩ 19 ጥቅሎች አሉት። በ2022 ዲፕማይንድ የሚባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያ ሰዎች ከሎዛን ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ በሲሙሌተር ላይ ራሱን ያሠለጠነ ፕሮግራም ጥቅሎቹን በሰከንድ 10,000 ጊዜ እያዘዘ ፕላዝማውን እንዲይዝ አደረጉ። አንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ፕላዝማ አንዱን ከአንዱ በላይ አንሳፍፎ ያቆመበት ሙከራ አለ። ያንን ምስል ሳየው ዱላ በሁለት እጅ የሚያቆም ልጅ ነው የታየኝ።

አራት ኪሎ ሁሌ የምጠጣበት ቦታ ጀበና የምታፈላ ልጅ አለች። ከደንበኛ ጋር እያወራች ነው የምትሠራው። ቡናው ወደ ጀበናው አንገት ሲወጣ፣ ሊገነፍል አንድ አፍታ ሲቀረው፣ ከከሰሉ ላይ ብድግ ታደርገዋለች። ይወርዳል። መልሳ ትጥደዋለች። አንድ ቀን ሳታዪ እንዴት ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ድምፁ ይቀየራል» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለተማሪዎቼ አላገኘሁም።

ምክንያቱም ፕላዝማም ይገነፍላል። በ1982 ጀርመን፣ ጋርሺንግ ባለው አስዴክስ የሚባል ቶካማክ ላይ ፍሪትዝ ቫግነር ያልተጠበቀ ነገር አየ። ማሞቂያውን ከተወሰነ መጠን በላይ ሲጨምሩት ፕላዝማው ጠርዙ ላይ ክዳን እንደገጠመ ሆነ። ሙቀቱን አጥብቆ ያዘ። ታላቅ ዜና ነበር። ነገር ግን ክዳን ሲኖር ግፊት ይጠራቀማል። ጠርዙ በየጊዜው ይገነፍላል፤ በአንዴ ብዙ ሙቀት ወደ ግድግዳው ይረጫል። ትንንሽ ማሽን ይችለዋል። ኢተርን የሚያክለው ላይ ግን የግድግዳውን ተንግስተን ያቀልጣል።

ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ የተዛባ መስክ ጨምሮ ክዳኑን በልኩ ማስተንፈስ ነው። አሜሪካ፣ ሳንዲዬጎ ያለው ዲአይአይአይ-ዲ የሚባል ቶካማክ ይህ እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ኢተርም ለዚሁ 27 ጥቅሎች ግድግዳው ውስጥ እንዲገቡ ተደርጎ ነው የተነደፈው። ሌላው እንደ በረዶ የረጉ የነዳጅ እንክብሎችን ቶሎ ቶሎ መተኮስ ነው። በአንዴ ከመገንፈል በትንሽ በትንሹ እንዲተነፍስ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያው ነው የሚያመዝንብኝ፤ ሁሉም ግን አይስማማም።

ሌላም ችግር አለ፤ ይሄን በፍጥነት ልለፈው። መስመሮቹ ፕላዝማው ውስጥ ይበጠሱና እንደገና ሌላ ቦታ ይቀጠላሉ። ደሴት የሚመስል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሙቀት በዚያ ያፈሳል። ደሴቱ ካደገ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። መድኃኒቱ ማይክሮዌቭ ነው። የቤት ማይክሮዌቭ 2.45 ጊጋኸርዝ ነው፤ የኢተሩ 170 ጊጋኸርዝ ነው፣ አንዱ ብቻ አንድ ሚሊዮን ዋት ይለቃል። ጨረሩን በመስታወት አነጣጥረው ደሴቱ መሃል ላይ ያሳርፉታል። የጎደለውን ከረንት እዚያው ይሞላል። በ2024 ደግሞ ዲአይአይአይ-ዲ ላይ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የዚህን ዓይነት መበጠስ እስከ 300 ሚሊሰከንድ ቀድሞ መገመት እንደሚቻል ታየ። ጋዜጦቹ «ኤአይ ውህደትን ፈታ» ብለው ጻፉ። አልፈታም። ያደረገው ልጅቷ የምታደርገውን ነው፤ ድምፁ ሲቀየር ሰማ፣ ጀበናውን አነሳ።

አሁን ከተማውን ይዞ ስለመሄድ። አይሄድም። ውስጡ ያለው ግማሽ ግራም የማይሞላ ጋዝ ነው ብያለሁ። ግድግዳ እንደነካ ይቀዘቅዛል፣ ይጠፋል። በቤንዚን ጎርፍና በሻማ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እሳቱን ማቆም ሳይሆን ማቆየት ነው ያቃተው። ሙሉ በሙሉ ጉዳት የለውም እያልኩህ አይደለም። ከነዳጁ አንዱ፣ ትሪቲየም፣ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ ኒውትሮኖቹም ግድግዳውን ራዲዮአክቲቭ ያደርጉታል። ግን እንደ ቦምብ አይፈነዳም።

የሚጎዳው ማሽኑ ነው። የኢተር ፕላዝማ ሲሞቅ 350 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይይዛል። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሙሉ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ትንሽ ይተርፍሃል።) ያ ሁሉ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ግድግዳው ላይ ቢራገፍ አስበው። ከዚያ ከረንቱ ይወድቃል። ጥቅልን በድንገት ስታጠፋ ማብሪያው ላይ የሚዘለውን ብልጭታ ታውቃለህ። 15 ሚሊዮን አምፔር በድንገት ሲጠፋም ትልቅ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ያ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት ያስጠጋቸዋል። እንግሊዝ አገር የነበረው ጄት የሚባል ቶካማክ ላይ እንዲህ ያሉ ኤሌክትሮኖች ቤሪሊየም ከሚባል ብረት የተሠራ የግድግዳ ንጣፍ አቅልጠዋል። ማሽኑን ደግሞ በመቶዎች ቶን የሚቆጠር ኃይል ይንጠዋል።

ስለዚህ የመጨረሻው መከላከያ ሆን ብሎ ማጥፋት ነው። ማምለጡ እንደማይቀር ሲታወቅ እንደ በረዶ ከረጋ ኒዮንና ዲዩተሪየም (ከባድ ሃይድሮጅን) የተሠራ እንክብል ሰባብረው ይተኩሱበታል። ፕላዝማው እንደ ኒዮን መብራት ቦግ ይልና ሙቀቱን በብርሃን መልክ ለሁሉም ግድግዳ ያከፋፍለዋል። አንድ ቦታ ከማቃጠል ሁሉንም ማሞቅ ይሻላል።

ሰባ ዓመት እንዴት ያቅታል ላልከው፣ ሥራው አልቆመም። ጄት በ2023፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ ከ0.2 ሚሊግራም ነዳጅ 69 ሚሊዮን ጁል አወጣ። በ2025 መጀመሪያ የቻይናው ኢስት 1,066 ሰከንድ፣ ከሳምንታት በኋላ የፈረንሳዩ ዌስት 1,337 ሰከንድ ፕላዝማ ይዘው ቆዩ። ዌስት ከ22 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ሁለቱን ግን እንዳታምታታ። ረጅም ጊዜ የያዙት ኃይል ለማውጣት አልነበረም፤ ኃይል ያወጣው ደግሞ ለሰከንዶች ነው የቆየው። ሁለቱን በአንድ ማሽን ማገናኘት ነው የቀረው ሥራ፤ ቀላል ነው የሚልህን አትመን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፕላዝማው ውስጥ ከረንት ማስገባቱ ነው ብዙውን ጣጣ ያመጣው ካልክ፣ ልክ ነህ። ጥምዙን በፕላዝማው ከረንት ሳይሆን ራሱ ሽቦው ተጣሞ እንዲሰጥ ያደረጉም አሉ። ስቴላሬተር ይባላል። ጀርመን፣ ግራይፍስቫልድ ያለው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ በ2015 መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ በ2023 ፕላዝማ ለ8 ደቂቃ ይዟል። እንደ ቶካማኩ በድንገት የመፈራረስ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ችግሩ ወደ ጠቅላዩ ዞረ። 50 ጥቅሎቹ ማንም ሰው በልምድ የማይጠቀልለው ቅርጽ አላቸው፤ ተጨማሪ 20 ደግሞ ጠፍጣፋ ናቸው። የተነደፉት በኮምፒውተር ነው፤ ቦታቸው በሚሊሜትር ደረጃ ሊስት አይችልም። ፎቶውን ፈልገህ እየው። የትኛው ወገን መጀመሪያና መጨረሻው እንደሆነ ካገኘኸው ንገረኝ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም።